ማሽኑ ያሳየኝ ጆሮ

በ1992 በልግ ዝናብ አልመጣም። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ድንቹ ከአፈር አልወጣም። የጓሯችን እንሰት ካለፈው ዓመት ጀምሮ በበሽታ ጠውልጎ ነበር፤ የተረፈውን ሳይደርስ ቆርጠን በላነው። ላሚቱን ሸጥን። በግንቦት ታናሿ ልጃችን ሞተች፤ ሁለት ዓመቷ ነበር። በሰኔ የሚቆረጥ ነገር አልነበረንም።

ከአጥራችን ማዶ የሚኖረው መምህር ዳኘ እንሰቱ አልታመመበትም። አንድ ጠዋት አራት የደረሱ እንሰቶች ነቅሎ በእኛ በኩል አጋደመ። ሠላሳ ችግኝም ጨመረ። ባለቤቴ እልፍነሽ ፍቃ ቆጮ አደረገችው። ልጃችን ምስክር በዚያ ተረፈ።

እንሰት ለመድረስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ጠበቅሁ። በ1999 የእኔ ደረሰ። አራቱን መርጬ ልመልስለት ወደ ዳኘ ሄድኩ። ሳቀ።

«ዋለ፣ እኔ የሰጠሁት ለእልፍነሽ ነው» አለኝ። «ከአንተ የምቀበለው የለኝም።»

በእኛ አገር እንሰት የሚተክለው ወንድ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን የሴት ነው። የትኛው እንደሚቆረጥ የምትወስነው እሷ ናት። የዳኘ ቀልድ ከዚያ የመጣ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አብሮት ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ያን ጊዜ የዳኘ ሚስት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ሥራዬ ማየት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴንም ማየት ጀመርኩ። በየመስቀሉ እልፍነሽ አተካና የሚባለውን የእንሰትና የቅቤ ገንፎ ስትሠራ ከቅቤው መሀል ተነሥቶ የሚሞላው የመጀመሪያው ሳህን ወደ ዳኘ ቤት ይሄዳል። ሁለተኛው ለእኔ ነው። ዳኘ ግራ ጆሮው ካልጮኹበት አይሰማም፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ሌሎች ሴቶች ፊት ለፊቱ ቆመው ይጮኹበታል። የእኔዋ ዞራ በቀኙ ትቆማለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ ታናግረዋለች። የምትለው አይሰማኝም። ይህን ዘጠኝ ዓመት አየሁ፤ አንድም ቀን አልተናገርኩም።

በ2008 ምስክር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ነበር። ላፕቶፕ ገዛ፤ ኢንተርኔት የሚያመጣ ዶንግልም አብሮ። ቀን እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ማሽኑ ከእኛ ጋር ይውላል። እልፍነሽ ጡረታ የወጣች ጤና ረዳት ናት፤ እንግሊዝኛ ቀስ ብላ ታነባለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አማርኛ አነባለሁ። ጠዋት ዜና እንዳይ ምስክር አስተማረኝ። ከሰዓት በኋላ እሷ ትቀመጣለች። እኔ ከውጭ ስገባ ክዳኑን ታጥፈዋለች።

አንድ ጠዋት ዜና ስከፍት ከገጹ ጎን የአንድ ሽማግሌ ጆሮ መጣ። ከጆሮው ጀርባ ባቄላ የሚያህል ነገር ተለጥፏል። ሽማግሌው ይስቃል። ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ ጆሮው ተከትሎኝ መጣ። በማግስቱም ነበር። በቤታችን ጆሮው የማይሰማ ሰው የለም።

ምስክርን ጠየቅሁት። ነገሩ ኩኪ እንደሚባል ነገረኝ። አንድ ገጽ ስትጎበኝ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፤ ማስታወቂያ የሚነግዱት ሰዎች ያንን ምልክት እያነበቡ በምትሄድበት ሁሉ ይከተሉሃል አለኝ። እዚህ ማሽን ላይ የመስሚያ መሣሪያ የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ትዝ ሲለው ሳቀ። ለካ እናቱ ያየችው እንዳይታይ እንዴት እንደሚጠፋ ጠይቃው ነበር። ሂስትሪ የሚባለውን፣ የጎበኘችውን ገጽ መዝገብ ማጥፋት አሳይቷታል። ኩኪውን ግን ረስቶታል።

«የሌሎቹን ኩኪ ከዚህ መዝጋት ይቻላል» ብሎ እጁን ዘረጋ። «የሦስተኛ ወገን የሚባለውን። ከዚያ በኋላ አይከተሉንም።»

እጁን ያዝኩት። «ተወው» አልኩ።

«ለምን አባዬ?»

«ሥዕሉን ማየት እወዳለሁ።»

አየኝ። እጁን መለሰ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ማሽኑን የምከፍተው ለዜና አልነበረም። እልፍነሽ ትናንት የት እንደዋለች ጎኑ ላይ ይነግረኛል። ጥቁር መሣሪያ መጣ፣ ቀጥሎ የሰው ቆዳ የሚመስል መጣ። እየመረጠች ነው አልኩ። ለእኔ ሸሚዝ ስትገዛ ቀለም መርጣ አታውቅም፤ ያገኘችውን ታመጣለች። ለእሱ ጆሮ ግን ቀለም ትመርጣለች።

የዊጆ ተራዋም በዚያ ሰሞን ደርሶ ነበር። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው፤ ሁሉም ቅቤ ያዋጣሉ፣ በየተራ አንዷ ትወስዳለች። ባል የዊጆን ማሰሮ አይከፍትም፤ ቅቤው የት ሄደ ብሎም አይጠይቅም። ማሰሮው ሞልቶ ገባ፤ በሳምንቱ ባዶውን ተደፍቶ አየሁት። አልጠየቅሁም። ደንቡን አክብሬያለሁ።

በአሥረኛው ቀን ከጆሮው ሥር አልጋ መጣ። የሆቴል አልጋ፣ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት፣ ሁለት ትራስ ያለው። ከሥሩ አዲስ አበባ ይላል። ዶንግሉን ነቀልኩት። ሥዕሉ ግን አልጠፋም። ሁለቱን ትራሶች እያየሁ ቆየሁ። የእልፍነሽ እህት አዲስ አበባ ትኖራለች፤ እልፍነሽ ብትሄድ እዚያ ታድራለች እንጂ የሆቴል አልጋ አያስፈልጋትም። አልጋ የሚያስፈልገው አብሯት ለሚሄድ ሰው ነው።

በትዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሽማግሌ ሰብስቤ ከቤቴ ትውጣልኝ ልል ወሰንኩ። ቅዳሜ ምሳ ላይ ግን አፌ ቀደመኝ። ምስክርም ተቀምጦ ነበር።

«የማንን ጆሮ ነው ስትፈልጊ የሰነበትሽው?» አልኳት።

እጇን ከሳህኑ አነሣች። «ማን ነገረህ?»

«ማሽኑ።»

ወደ ምስክር ዞረች። እሱ አንገቱን ደፋ። ስለ ኩኪው በትንሽ ድምፅ አስረዳት፤ ልዝጋው ስል አባዬ ተወው አለኝ አላት። እሷ ሰምታ ስትጨርስ ወደ እኔ ተመለሰች።

«የዊጆ ማሰሮዬን ከፍተህ ብታይ ይሻል ነበር» አለች። «ቢያንስ ክዳን ስታነሣ ሰው ያይሃል።»

አልጋውን ጠየቅኋት። የቱን አልጋ አለች። ሁለት ትራስ ያለውን አልኩ። ያን ጊዜ ምስክር ቀና አለ።

«እሱ የእኔ ነው» አለ። «ለሥልጠና ስንሄድ የምናድርበትን ስፈልግ ነበር። ማሽኑ ማን እንደተቀመጠበት አያውቅም እኮ። የሦስታችንንም አንድ ላይ ነው የሚያየው።»

ማሽኑ ቤታችንን አንድ ሰው አድርጎ ነበር የቆጠረው። እኔም በዚያ ሰው ቀናሁ።

እልፍነሽ ግን አልሳቀችም። ዳኘ ሐኪም ለግራ ጆሮው የጻፈለትን ወረቀት አምና አሳይቷት ነበር፤ የመሣሪያውን ዋጋ ሲሰማ ትቶታል። ወረቀቱን ለእሷ እንጂ ለእኔ አላሳየኝም። ይህንን ስትናገር እንደገና ቀናሁ፤ ፊቴ ላይ ሳታየው አልቀረችም።

«በየመስቀሉ ፊትህ ሲጠቁር ዘጠኝ ዓመት አየሁ» አለች። «አተካናው ነው አልኩ። ኋላ እንሰቱ እንደሆነ ገባኝ። የሰጠሁት ለእልፍነሽ ነው ብሎሃል አይደል? እንግዲያው እልፍነሽ በዊጆ ቅቤዋ ትመልስ ብዬ ነው። ልጄን ያተረፈ እንሰት የአንተ ብቻ ዕዳ መሰለህ?»

ሂስትሪውን ያጠፋችው እኔ እንዳላይ ነው። ባውቅ እንደማልፈቅድላት ታውቃለች። ልክ ናት፤ አልፈቅድላትም ነበር።

አንድ ነገር ግን መዋጥ አቃተኝ። «ለምን በቀኙ ትቆሚያለሽ?» አልኳት።

«ጤና ረዳት ነኝ» አለች። «በሚሰማው ጆሮ ነው የሚወራው። አንተ በሁለቱም ትሰማለህ፤ ምን ጠቀመህ?»

ምስክር ሳቁን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነ። እኔ ምሳዬን ጨረስኩ። እሁድ ሽማግሌ አልሰበሰብኩም።

ሰኞ ምስክር ከሥራ ሲመለስ ኩኪውን ዝጋው አልኩት። አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። የተጠራቀመውን አጠፋ፣ የሦስተኛ ወገን የሚለውን ዘጋ፣ ለእናቱም እሷ ብቻ የምትገባበት የራሷን መግቢያ ከፈተላት። የእሷን የይለፍ ቃል ስትጽፍ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በማግስቱ ዜና ስከፍት ከጎኑ የመጣው መርከብ ነበር። የማንም መርከብ። አልዋሽም፤ ጆሮውን ፈለግሁት።

መሣሪያው በሁለተኛው ሳምንት በአዲስ አበባ አውቶቡስ መጣ። እህቷ ገዝታ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የላከችው። ቀለሙ የሰው ቆዳ የሚመስለው ነው። እልፍነሽ ከጓሯችን አራት የደረሱ እንሰቶችም እንድነቅል ነገረችኝ። የትኞቹን እንደሆነ እሷ ጠቆመች። እኔ ነቀልኩ፣ እኔ ተሸከምኩ። በአጥሩ በኩል አንድ በአንድ አሻገርኳቸው፤ እሱ በዚያ ዓመት እንዳጋደማቸው አድርጌ አጋደምኳቸው።

ዳኘ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። እንሰቱን አይቶ እጁን ለእምቢታ አነሣ። እልፍነሽ በዚህ ጊዜ በቀኙ አልቆመችም። በግራው ሄደች። ጨርቁን ፈታች። ጣቷን ከጆሮው ጀርባ አስገብታ፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ መሣሪያውን ማስተካከል ጀመረች። ጊዜ ወሰደባት።

ማየት ሥራዬ ነበር። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ከኋላዬ ስትናገር ሰማኋት። ድምፅዋን አላነሣችም። «ይህ ከእልፍነሽ ነው» አለች። «አራቱ ከዋለ ናቸው።»

ዳኘ ራሱን ወደ ግቢው ዘንበል አደረገ። ቀጥሎ ዶሮዎቹ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደዚያ ነው አልኩት ሳልዞር።

«ዋለ» አለኝ፤ የግራ ጆሮው ይሁን የቀኙ የሰማው አላውቅም። «እንሰቱን ወደ ጓሮ አስገባልኝ። ከሁለታችሁም ተቀብያለሁ።»

አስገባሁለት።