የታፈረ መብሻ

ገብረ ኢየሱስ የብረት መብሻ መኪናውን ከአጥሩ ሥር ጎትቶ ያወጣው የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። አሥራ ሦስት ክረምት ዘንቦበታል። መዘውሩ ከዝገት ብዛት ከአካሉ ጋር ተጣብቋል፤ በጥርሶቹ መካከል ሣር በቅሏል። ሚስቱ ካሣነሽ ከደጃፉ ቆማ ስታየው ቆየችና፣

“ምን ሊያደርጉት ነው?” አለችው።

“ልፈታው።”

“ከዚያስ?”

“ጠግኜ ለታፈረ ልወስድለት።”

ታፈረ የሚለው ስም በዚያ ቤት ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ታፈረ የገብረ ኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነው። አባታቸው እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ስለ ነበሩ ሁለቱም ወናፍ እያናፉ አደጉ። ጣሊያን ሲገባ ታፈረን ለጉልበት ሥራ ደብረ ታቦር ወስዶ ከካምፑ መኪና መጠገኛ ጣለው። ታፈረ በእጅ እየተዘወረ ብረት የሚበሳ መኪና ያየው እዚያ ነው። ጠላት ሲወጣ ሌላው ሰው ጠመንጃና ብርድ ልብስ ሲሻማ፣ እሱ ያንን መብሻ ፈታትቶ በሁለት አህያ ጭኖት መጣ። ከአባታቸው ቤት ምሰሶ ላይ አሰሩት። ሦስት ወር ያህል፣ አንዱ እየዘወረ አንዱ ብረቱን እየያዘ፣ ሲሥቁና ሲሠሩ ከረሙ።

ነገሩ የተበላሸው በአውጫጭኙ ቀን ነው። አዳነ የሚባል አርበኛ በጣሊያን ጊዜ ከተደበቀበት ዋሻ ተጠቁሞ ተሰቅሎ ነበርና፣ የጠቆመው ሰው እንዲገኝ አገሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጣት ሁሉ ወደ ታፈረ ዞረ። ከጠላት ካምፕ የዋለ ነው፤ ያውም የቀጥቃጭ ልጅ። የቀጥቃጭን ልጅ ለመጠርጠር ምስክር የሚሻ አልነበረም። ብቻ ማስረጃ ታጣ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ሽማግሌ ዞር ብለው፣ “ገብረ ኢየሱስ፣ ለወንድምህ ዋስ ትሆናለህ?” አሉት።

ወንድሙ እንዳላደረገው ሆዱ ያውቃል። ነገር ግን የአዳነ ዘመዶች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። አንገቱን ደፋ። ሰዉ ቃል እስኪወጣው ጠበቀ፤ ቃል አልወጣውም።

ታፈረን ማስረጃ ስላልተገኘ ለቀቁት፤ ስሙ ግን ጠፍቶ ነበርና በማግስቱ ጓዙን ሸከፈ። ከመሄዱ በፊት ከመብሻው ላይ ትንሿን ባለ ጥርስ ጎማ ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

“ይቺ ከሌለች መኪናው አይዞርም” አለ። “እኔ ስማዳ፣ ወገዳ እገኛለሁ። ወንድምነት ትዝ ያለዎት ቀን ይምጡና ይውሰዷት።”

ከልጅነቱ ጀምሮ “አንተ” ሲለው የኖረ ወንድሙ፣ የዚያን ዕለት “እርስዎ” አለው። ገብረ ኢየሱስን ከሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል ስትወጋው ኖረች። መኪናውንም ማየት ቢያቅተው አውጥቶ ከአጥሩ ሥር ጣለው።

ከዓመታት በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ ቢሻው የሚባል ጎረቤታቸው በጠና ታመመ። ሽማግሌዎችን አስጠርቶ በንስሐ አባቱ ፊት፣ “አዳነን የጠቆምሁት እኔ ነኝ። ጣሊያኖች ከወንድሞቼ የያዙትን ከብት ይለቁልኛል ብዬ ነው” አለና በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ገብረ ኢየሱስ ያንን የሰማ ዕለት እህል አልቀመሰም። ወገዳ የሁለት ቀን መንገድ ናት፤ በነጋው ሊነሣ ይችል ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ሁዳዴ ገባ። ባዶ እጁን ወንድሙ ፊት መቆም አቃተው። በመጨረሻ፣ መኪናውን እንደ አዲስ አድርጌ ብወስድለት ብረቱ ራሱ ይናገርልኛል ብሎ ቆረጠ።

እንዲህ ነው ሥራው የተጀመረው። ብሎኖቹን በላምባ እየነከረ ሳምንት አሳደራቸው። እምቢ ያለውን በእሳት እያጋለ አላቀቀው። የተፈታውን ሁሉ በቆዳ ላይ በተራ ደረደረው፤ አንዱን ሲያነሣ ታፈረ የነካው ይመስለውና እጁ ላይ ያቆየዋል። ዝገቱን በአሸዋና በሞረድ ፋቀ። ከትልቁ ጎማ አንድ ጥርስ ተሰብሮ ስለ ነበር ቦታውን ቆርጦ ሌላ ጥርስ ተከለበት። ለመዘውሩ መያዣ ወይራ ጠረበ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ጨው ነጋዴ ከስማዳ መጥቶ፣ “ወንድምህን አይቼው ነበር። ክፉኛ ያስለዋል” አለው።

ካሣነሽ ያን ጊዜ አላስቻላትም። “ይሂዱ እንጂ! የሚጠብቅዎት ሰው ነው፤ ብረት አይደለም።”

“ጨርሻለሁ። የተከልኋት ጥርስ ከሌሎቹ ትንሽ ትወፍራለች፤ እሷን ላስተካክልና እሄዳለሁ።”

ያቺን ጥርስ አንድ ወር ሙሉ ሞረዳት። ለሌላ ቀጥቃጭ የግማሽ ቀን ሥራ ነበረች።

የሰኔ ሚካኤል በዋለ በማግስቱ መብሻውን በጆንያ ከፋፍሎ በበቅሎ ጫነና ተነሣ። ወገዳ ሲደርስ የታፈረን ቤት ጠየቀ፤ ያሳዩት ሰዎች ፊቱን አይተው በጣት ብቻ ጠቁመውት ሄዱ። ከግቢው ሲገባ የወናፉ ቆዳ ደርቆ ተኮማትሯል። ፀጉሯን የተላጨች ሴት ወጣች።

“ማን ልበል?”

“የታፈረ ወንድም ነኝ።”

ሴቲቱ፣ የታፈረ ሚስት አስካለ፣ ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች። “ትናንት ሁለት ሳምንቱ ነበር” አለች። “የላክነው ሰው አላገኘዎትም?”

ገብረ ኢየሱስ “ወንድሜን!” ብሎ ከመሬት ወደቀ። ጎረቤት ተሰብስቦ አብሮት አለቀሰ። እንባው ሲያባራ አስካለን በቀስታ ጠየቃት።

“የቢሻውን ነገር ሰምቶ ነበር?”

“በጥር ሰምቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከዚች ደጃፍ ቆሞ ወደ እስቴ መንገድ ያያል። ‘ወንድሜ አሁን ይመጣል’ ይለኝ ነበር። የግንቦት ልደታ ዕለት ማየቱን ተወ።”

“መኪናውን እየጠገንሁለት ነበር።”

አስካለ ጆንያዎቹን አየች። “እሱ መኪና መች ጠየቀ?” አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የምትጠይቅ ብቻ ትመስል ነበር።

ከዚያ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አምጥታ ሰጠችው። ትንሿ ባለ ጥርስ ጎማ ናት። ታፈረ በየዓመቱ ቅቤ ይቀባት ነበርና የዝገት ነጥብ እንኳ አልነካትም። ገብረ ኢየሱስ በሁለት እጁ ይዟት ቀረ።

እስከ አርባው ተቀመጠ። መብሻውን ከወንድሙ ቤት ምሰሶ ላይ ገጣጠመው፤ ጎማዋም በቦታዋ ገባች፤ ተዘወረ። በተዝካሩ ቀን ሰዉ ከበላ በኋላ ተነሥቶ ቆመ።

“ስሙኝ። ወንድሜ ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ ዋስ ሁን ስባል ፈርቼ ዝም አልሁ። የበደልሁት እኔ ነኝ።”

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የደብሩ አለቃ አባ ተክለ ሃይማኖት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እግዜር ይፍታህ፣ ልጄ። ግን ታፈረ ለዚህ አገር ሰው ስላንተ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ተጠርጥሮ እንደ ነበርም ዛሬ ካንተ ሰማን። ይኸን ሊሰማ የሚገባው የእስቴ ሰው ነው።”

መብሻው ለአስካለ ቀረ፤ ዋሴ የሚባል የወገዳ ቀጥቃጭ እየሠራበት ለእሷ እህል ሊሰፍርላት ተስማሙ። ገብረ ኢየሱስ ወንዙ ሲጎድል፣ በመስከረም ማለቂያ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመና ያንኑ ቃል ደገመው። ከአውጫጭኙ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጆሯቸው አይሰማም። ሁለተኛው “ያለፈ ነገር ነው፤ ተወው” ብለው በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ሦስተኛው ግን ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ሲጨርስም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

በመንገድ ላይ ካሣነሽ፣ “ሰሙዎት?” አለችው።

“አንዱ ሰሙኝ” አላትና ቀስ ብሎ ቁልቁለቱን ጀመረ።