ከመሪው ሥር ያለችው ማጥፊያ

ገብረ ዮሐንስ አሮጌ ፒካፑን ሌባ አስነስቶ እንዳይወስድበት ከመሪው ሥር አንዲት ማጥፊያ በድብቅ አስገጥሟል። እሷ ካልበራች ሞተሪኖው ቢጮህም መኪናው አይነሳም። ይህን ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ዛሬ የብልባላን ገበያተኛ ጭኖ ወደ ላሊበላ ሊመለስ ሲል ማጥፊያዋን ሳያበራ ቁልፉን አዞረ። መኪናው እምቢ አለ። ጥፋቱን ወዲያው አወቀ፤ ግን ጎንበስ ከማለቱ በፊት ለገበያ የመጣው መካኒኩ ሸዕባን በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ቆይ፣ እኔ አለሁልህ!» አለው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሰው መስኮቱን ከቦ እያየ ምስጢር ይወጣል? ገብረ ዮሐንስ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተለት። ሸዕባን ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ጠረገ፤ ቦቢናውንም ነቅሎ መልሶ ገጠመው። «ካንዴላው እሳት አይሰጥም፤ ጉድ እኮ ነው!» አለ ላቡን እየጠረገ።

«አዬ፣ እርጅና ነው» አለ ገብረ ዮሐንስ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ተሳፋሪው ወርዶ ሁለቴ ገፋ። መኪናው ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ከጎኑ የተቀመጡት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ ሁልጊዜ ጫማዬን ላስር እያልክ የምታበራትን ነገር ዛሬ ምነው ረሳሃት? ሰዉም እያወቀ በይሉኝታ ሁለቴ ገፋልህ። ካፈርክ ፊታችንን እናዞርልሃለን።»

ገበያተኛው ሁሉ እውነትም ፊቱን አዞረ። ሸዕባን ብቻ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ገብረ ዮሐንስ ጎንበስ ሲል ዓይኑ እግሩ ላይ አረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስረው የኖረው ጫማ፣ ማሰሪያ የሌለው የላስቲክ ጫማ ነው።