ከበር የተመለሰ ቅቤ

ላንቴ መንደር ውስጥ የዓለሚቱን ምላስ የማይፈራ ባይኖርም ቤቷን የሚፈራ አልነበረም። የመጣ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ምራቷ ሄራን ከወለደች ወዲህ ግን አሮጊቷ በርጩማዋን ደፉ ላይ ተክላ ሰው ትመልሳለች።

«አራስ ልንጠይቅ ነው» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች።

«እኔን ጠይቁኝ፤ መልሱን እኔ አውቃለሁ።»

«እንጸልይለት እንጂ፣ እማማ ዓለሚቱ!»

«እዚያ ሙዙ ሥር ሆናችሁ ጸልዩ። የእግዚአብሔር ጆሮ አልደነቆረም።»

ተቀይመው ሄዱ። ይሂዱ! ውስጥ የተኛውን ቢያዩት ግማሾቹ ይሸሻሉ፣ ግማሾቹ ይነካሉ። እሷን የሚያስፈራት የሚነካው ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ በላስቲክ የተጠቀለለ ይመስል ነበር፤ ቆዳው ውጥር ብሎ ያብለጨልጫል፣ የዐይኑ ቆብ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አሁን ያ ላስቲክ እየተሰነጠቀ ሲረግፍ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ዶክተር ገነነ አስረድቷታል። ቆዳ እንደ ጡብ ግንብ ነው፤ ጡቡን የሚያያይዘው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ያንን ስብ የሚያዘጋጅ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ። ይህ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው የተበላሸውን ነው፤ ስለዚህ ቆዳው በቅጡ ሳይሠራ ቀረ። ውሃው ይወጣበታል፣ ጀርም እንደ ልቡ ይገባበታል።

«ስብ ነው ያጣው?» አለች ዓለሚቱ፣ ሳቅ እየቀደማት። «ዕድሜ ልኳን ቅቤ የሸጠች ሴትዮ የልጅ ልጅ፣ ስብ አጣ?»

«ከውጭ የሚቀባው የውስጡን አይተካም፣ እማማ። ቫዝሊን ብቻ፣ እሱም በታጠበ እጅ። ቅቤ እንዳይነካው። ጀርሙ በስንጥቁ ገብቶ ደሙን ይበክለዋል።»

ሳቋ ያኔ ደረቀ። የሄራን የመጀመሪያ ልጅም እንዲሁ ሆኖ ነበር የተወለደው። የዓለሚቱ ታላቅ እኅት ልክነሽ ከደጋው ከካምባ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ወርዳ፣ እያዜመች ከራሱ እስከ እግሩ አሸችው። ሳምንት ሳይሞላው በትኩሳት ነዶ ሞተ።

ዛሬ ሙቀቱ የሙዙን ቅጠል እንኳ አጠውልጎታል። ልጁ ላብ አያውቅም፤ ይግላል እንጂ። ቫዝሊኑ ሊያልቅ ስለሆነ አባቱ ታዴዎስ አርባ ምንጭ ሄዶ ቀርቷል። ውስጥ ሄራን በእርጥብ ጨርቅ እያበረደች፣ አልከደን ባለው አፉ ጡቷን ለማጉረስ ትታገላለች። ልክነሽ ከጋሪ የወረደችው በዚህ መካከል ነው። ከጉያዋ የኮባ ጥቅል ብቅ ብሏል።

«ምን ተገትረሽ ነው? ልቀፈው እንጂ!»

«አይሆንም፣ እትዬ ልክነሽ።»

«እኔን ነው? አዝዬ ያሳደግኩሽን? ንፍጥሽን የጠረግኩልሽን?»

«አንቺን።»

«ልጆችሽን ሁሉ ማን ቀባልሽ? አሁን ምን ተገኘና ነው? እጄ ቆሸሸ?»

ዓለሚቱ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን የገደለው ይኸው ቅቤሽ ነው። ገበያ መካከል ዳኛ ሰድባለች፣ ወንጌላዊ አሳፍራለች፤ በዕድሜዋ አንድ ቃል ውጣ አታውቅም። ግን የልክነሽን እጆች አየች፤ አብጠዋል፣ ጥቅሉን ግን አጥብቀው ይዘዋል። ይህን ብትሰማ ካምባ በሕይወት አትደርስም።

«ቅቤሽ ሸቷል» አለቻት። «ይዘሽው ተመለሽ።»

ልክነሽ ጥቅሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«የኔ ቅቤ? የኔ ቅቤ ሸተተ?»

«አፍንጫ የለሽም እንዴ? ሂጂ እንጂ፣ ጋሪው ሳያመልጥሽ!»

«እሺ። እሺ ዓለሚቱ። ስሞት ግን እንዳትመጪ። ሬሳዬ አጠገብ እንዳላይሽ!»

ጋሪው በሙዙ መካከል እስኪሰወር ዓለሚቱ ከበርጩማዋ አልተነሣችም። ብትነሣ ትሮጣለች፤ ብትሮጥ ደግሞ ትነግራታለች።

«ማን ነበረች፣ እማዬ?» አለች ሄራን ከውስጥ።

«መንገደኛ ናት። ውሃ ጠይቃ ሄደች።»

እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና አጠበችና ገባች። የልጁ ግንባር እንደ ምድጃ ድንጋይ ግሏል። የተገለበጡት ዐይኖቹ ጣሪያውን ያያሉ፤ ሲያለቅስ ድምፁ ቀጥኗል።

«ትኩሳቱ ጨመረ፣ እማዬ። ታዴዎስስ?»

«ይመጣል።»

«ባይደርስስ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ! እግሩን ቀና አድርገሽ ያዢልኝ።»

የቫዝሊኑን ጣሳ አጋድላ የጣሳውን ሥር በጣቷ ፋቀች፤ ለአንድ እግር የሚበቃ ወጣ።