ስምንት ቁጥር፣ አሥራ አራት ነጥብ

አሥራ ስምንት ዲግሪ ብዬ የጻፍኩት ግን ትክክል ነው፣ ዛሬም ለካሁት፣ ሦስት ጊዜ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ መለኪያው አልዋሸም፣ እኔም በዚህኛው ዛፍ አልዋሸሁም፣ ግንዱ በእርግጥ ወደ መንገዱ አዘንብሏል፣ ሠንጠረዡ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዲግሪ በላይ ላዘነበለ ስድስት ነጥብ ይሰጣል፣ ለተጣመመ ግንድ አራት፣ ለአሮጌ ቁስል ሁለት፣ የእግረኛውን መንገድ ላነሳ ሥር ሁለት፣ ድምር አሥራ አራት፣ ከአሥራ ሁለት በላይ ያገኘ ይቆረጣል፣ ቀይ ኤክስ ይቀባል፣ ቀባሁት። ኤክሱ ይኸው። ክንዶቹ እኩል ናቸው። በማስመሪያ ነው የሠራሁት፣ ጉድ እኮ ነው፣ ለሞት ፍርድ ማስመሪያ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። ባለመጋዞቹ በአራት ይመጣሉ።

ምልክቱን መሰረዝ የሚችለው የቀባው ሰው ብቻ ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል፣ በቅጹ ጀርባ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፣ ከዚያ ገጹ ተመልሶ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ የተሰረዘው ረድፍ ብቻ አይደለም፣ ገጹ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ዛፉ ካለበት ድረስ ተሄዶ እንደገና ይመረመራል፣ እና በዚህ ገጽ ላይ ከስምንት ቁጥር ከፍ ብሎ ያለው ረድፍ ሰባት ቁጥር ነው። ወደዚያ አላይም። አያለሁ። ከዚህ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ከጉልበት በታች የተሰበረ ጉቶ፣ ሦስቱ ጎን ነጭ ጤነኛ እንጨት፣ አራተኛው ጎን ጥቁር፣ የረጠበ ብስኩት የመሰለ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ፣ ነክቼዋለሁ፣ ማንም እንዳያየኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ነክቼዋለሁ።

ሰባት ቁጥር ቀጥ ያለ ዛፍ ነበር፣ ሙሽራ አጅቦ ፎቶ ለመነሳት የቆመ ሚዜ የሚመስል፣ ሲያዩት ልብ የሚያሳርፍ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ሰጠሁት፣ ጎን አንድ ደህና፣ ጎን ሁለት ደህና፣ ጎን ሦስት ደህና፣ ጎን አራት ደህና፣ አራት ራይት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁመት፣ አራተኛዋን ከሦስቱ የሚለያት ሰው የለም። እኔ እለያታለሁ።

የእኔ ሥራ ምን ይከብዳል፣ ዛፉን በእንጨት መዶሻ በአራቱም ጎን መምታት፣ ጆሮን ሰጥቶ መስማት፣ ጤነኛ ግንድ ጥብቅ ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ የበሰበሰው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል፣ ሕፃን ይለየዋል። ቢሮ ውስጥ ሚሊሜትር ነው የሚሉኝ፣ ሚሊሜትር ና፣ ሚሊሜትር ሻይ ልትጠጣ ነው፣ ሚሊሜትር የስኳሩን ፍሬ ቆጥረኸዋል ወይ፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ እየሳቁብኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሰው ምንም ባይኖረው ስሙ ይኖረዋል፣ ጠንቃቃ ነው መባል፣ ጠንቃቃ፣ አራተኛውን ጎን ያልመታ ጠንቃቃ።

ጫማ ሰፊው የሚሠሩት እኮ እዚህ ነበር፣ በዚህ በጠማማው ስር፣ ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው፣ የተደገፉበት ቦታ አሁንም ያብለጨልጫል፣ ቅርፊቱ እንደ ወንበር መደገፊያ ልሟል። ጋሼ፣ ከዚህ ቢነሱ ይሻላል፣ ዛፉ አደገኛ ነው። የቱ፣ ይሄ? አዎ። ይሄ እኮ ሃያ ዓመት ጀርባዬን የያዘልኝ ነው፣ ሚስቴ እንኳ ይህን ያህል አልቻለችኝም። ውጤቱ አሥራ አራት ነው ጋሼ። የምን አሥራ አራት? የአደጋ ነጥብ። መርፌያቸውን ከነክሩ ጫማው ላይ ሰካ አደረጉ፣ ወደ ላይ ቅርንጫፎቹን አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ መዶሻዬ አዩ፣ እንግዲህ የተማርክ አንተ ነህ፣ አንተ ካልክ።

አንተ ካልክ።

ሳጥኑን በአንድ በኩል እሳቸው በአንድ በኩል እኔ ይዘን፣ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ቦታውን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ እዚህ ጋ ጋሼ፣ ይሄ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላውም ጥሩ ነው፣ ላስቲኩን ግንዱ ላይ ወጥረን አሰርን፣ ሳጥኑን አስጠጋን፣ በርጩማቸውን አደላደልን፣ ተባረክ አሉኝ፣ ከዚያ መዶሻዬን አነሳሁ፣ ሦስቱን ጎን መታሁ፣ አራተኛው ጎን ሳጥኑና ላስቲኩ ነው፣ ገና አሁን ያሰርነው። ከምሳ በኋላ ና፣ አሁንማ ወገቤ እንቢ ብሏል፣ ያኔ አነሳልሃለሁ፣ አሉ። እሺ ጋሼ። ምን ልበል፣ ሽማግሌ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተነሡ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ነው ወይስ ርሃብ፣ ይህንንም በትክክል ላስታውስ፣ ርሃብም ነበረብኝ።

ከምሳ በኋላ ቢሮ ገባሁና ረቂቁን ወደ ንጹሕ ቅጽ መገልበጥ ጀመርኩ፣ እስክሪብቶው አራተኛው ጎን ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ አስታውሳለሁ፣ ቆሟል፣ ሳላውቅ ነው እንዳልል ቆሟል፣ እንዲህ ቀጥ ያለ ዛፍ ምን ይሆናል፣ ነገ ሳልፍ እመታዋለሁ፣ ራይት። ነገ በሌላ መንገድ ነው ያለፍኩት። ከነገ ወዲያም። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ንፋስ መጣ።

ማንም አልሞተም፣ ኃላፊው መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም፣ አንድ ጫማ ሰፊ እጁ ላይ ተጎድቷል፣ እጁ ላይ፣ በቀላሉ፣ ልክ ጫማ ሰፊ ሌላም መሥሪያ ያለው ይመስል። እሑድ ብርቱካን በላስቲክ አንጠልጥዬ ሄድኩ፣ ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል፣ የመጨረሻው አልጋ፣ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ታስሯል፣ ከጀሶው ጫፍ የወጡት ጣቶች ያበጡ፣ የሌላ ሰው የሚመስሉ፣ ከእንግዲህ አይጨብጡም ብሏል ሐኪሙ፣ ለእሳቸውም ነግሯቸዋል። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አንተ ልጅ፣ ምሳህ ረዘመሳ! አሉኝ። ሳቁ። የአጎራባች አልጋ በሽተኛም ምኑም ሳይገባው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ለራሴ ይቅር ልለው ያቃተኝ ይኼንን ነው፣ አብሬ ሳቅኩ፣ ብርቱካን ልላጥልዎ አልኩ፣ በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ጣፋጭ ነው አሉ፣ ሌላ ነገር አላሉም፣ ለማንም አልተናገሩም፣ ለምን አልተናገሩም፣ ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር፣ ሰው ሲከሰስ ቢያንስ መልስ ይሰጣል።

ዛሬ ጠዋት እታለም ሸሚዜን እየተኮሰች፣ አንድ ነገር ውስጥህን እየበላው ነው አይደል ወንድምዬ፣ ጉንጭህ ገባ። ነገርኳት። የካውያውን ሶኬት ነቀለች። ሰውዬው ተናገሩ? አልተናገሩም። አንተን የጠየቀህ አለ? የለም፣ በንፋስ የደረሰ አደጋ ተብሎ ተዘግቷል። ታዲያ አንተ ከንፋስ ጋር ምን አጣላህ? እታለም፣ ሳልመታው ነው ደህና ብዬ የጻፍኩት። ኮሌታውን መልሳ መላልሳ አሸች፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔን ለማስተማር የራሷን ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል የተወች እህቴ፣ ሆድ ይፍጀው በል፣ አለች፣ ደግሞ ከበሩ ስወጣ፣ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ድምፅዋ ልክ እንደ ጫማ ሰፊው፣ አንተ ካልክ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ።

ለካሁት እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ይህን ዛፍ። አሁን የማየው ሌላ ማየት የምፈልገው ነገር ስለሌለ ነው። ገና ለጋ ሳለ የሆነ ነገር ገጭቶታል፣ መኪና ይሆናል፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ጎብጦ ወደ መንገዱ ወድቋል፣ ወድቆ ግን አልተኛም፣ አንድ ሜትር ያህል አግድም ተጉዟል፣ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ብርሃን ፍለጋ፣ እዚህ መንገድ ላይ ፀሐይ የምትገባው በሁለቱ ፎቆች መሀል ባለችው ክፍተት ብቻ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ወደ ላይ ዞሯል፣ ማን ነገረው፣ ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ጎን ወፍሯል፣ ከባድ ጆንያ የለመደ ሰው ባት ይመስላል፣ የተወጠረ፣ ጅማት ጅማት ያለው፣ ማንም ወፍር አላለውም፣ በየዓመቱ የጎደለበትን ቦታ እያወቀ እዚያው ላይ እንጨት ጨምሯል። ዙሪያው የነበረ የአጥር ብረት ሲወጋው ብረቱን ውጦታል፣ ቅርፊቱ እንደ ከንፈር ገጥሟል፣ ሁለት ነጥብ፣ አሮጌ ቁስል፣ ዳነ የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። ከኋላ በኩል ሥሩ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ወደ ኋላ ይስባል፣ ፊቱ ባዘነበለ ቁጥር ኋላው ይጠብቃል፣ ያንን ሥር ነው የቀጣሁት፣ የያዘውን እጅ ነው ጥፋት ብዬ የመዘገብኩት።

ደግሞ መትቼው ነበር። ይህን በአራቱም ጎን መትቼዋለሁ፣ ሳጥናቸውን አስነስቼ፣ ድምፁ ጥብቅ፣ ደረቅ፣ እስከ ክርኔ የመጣ፣ ደህና ነኝ ብሎኛል በግልጽ አማርኛ፣ ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼ ሌላውን ደመርኩ። ያን ቀን ንፋሱ ሰባትን ሲጥል ስምንት ምን ሆነ፣ ቅጠል አራገፈ፣ ጭራሮ ጣለ፣ ጫማ ሰፊው እዚህ ተደግፈው ቢሆን ኖሮ የሚወድቅባቸው ቅጠል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አዎ፣ አውቃለሁ።

ሰባትን ሳልነካካ መጻፍ ይቻል ይሆን፣ በድጋሚ በተደረገ ምርመራ ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ፣ ማለፊያ ዓረፍተ ነገር፣ ማህተም የሚወድደው፣ ግን ኮሚቴው ይመጣል፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይቆጥራል፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ጉቶውን ያያል፣ አራተኛዋን ራይት ያያል፣ እኔን ያያል። ትናንት ኃላፊውን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅሁት። ተወው፣ ጠማማ እንጨት ነው፣ ማን ያለቅስለታል፣ አንዱን ንፋስ ጣለው አንዱን እኛ እንጥለዋለን፣ መንገዱ ይጠራል። ቀና ብሎ አየኝ። ገጹን ከነካካኸው ገጹ ይነካካሃል፣ ሚሊሜትር።

ዝም ብል ሚሊሜትር እንደሆንኩ እቀራለሁ። ጠማማው ይቆረጣል። በየቀኑ በዚህ አልፋለሁ፣ ሁለት ጉቶ፣ አንዱን ባለመምታቴ፣ አንዱን መትቼ ባለመስማቴ። በሌላ መንገድ አልፋለሁ። እንደገና በሌላ መንገድ።

መኪናው መጣ፣ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ፣ ለወትሮ እኮ አንድ ሰዓት ያረፍዳሉ፣ ባለመጋዙ ዘሎ ወረደ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ሚሊሜትር! አንተ ደግሞ ለቅሶ ነው የመጣኸው? ቆይ። ምኑን ቆይ? አትቁረጡት፣ ምልክቱን ልሰርዝ ነው። ሳቀ፣ ወደ ሹፌሩ ዞሮ፣ ስማ፣ ሚሊሜትር ከጠማማው ጋር ተዛመደ፣ አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ ሳቁን ቀነስ አደረገ፣ ወረቀት ካለህ ወረቀት አሳየኝ፣ ከሌለህ ራቅ በል፣ ከዚህ በኋላ ሁለት ሌላ ቦታ አለብኝ። ወረቀቱ አለኝ፣ አሁን እጽፋለሁ። ጻፍ እንግዲህ፣ ግን ፍጠን ወንድሜ።

ቅጹን ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው፣ ሙሉ ገጽ ባዶ። ስምንት ቁጥር፣ ጻፍኩ፣ በአራቱም ጎን ተመትቶ ጤነኛ ድምፅ የሰጠ፣ የነጥብ አሰጣጤ ስሕተት፣ ይቁም። ይቁም ስል ዋስ እየሆንኩለት ነው፣ መቼም እንደማይወድቅ አላውቅም፣ እንኳን የዛፍ የራሴንም አላውቅም፣ የማውቀው የሰማሁትን ነው፣ የሰማሁትን ጻፍኩ። እዚህ ላይ መፈረም እችላለሁ፣ ለዛሬ ይበቃል፣ የቀረውን ኮሚቴው ራሱ ያግኘው፣ ያገኝ የለ፣ እኔ አልተናገርኩም እሱ አገኘ፣ ይሄም አንድ መንገድ ነው፣ ይሄም ዞር ማለት ነው።

ባለመጋዙ መጋዙን መሬት አስቀምጦ እየጠበቀኝ ነው፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ሳያስበው፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ ሙሉ ክብደቱን፣ ሊጥለው የመጣውን ዛፍ ተደግፎ ዓይኑን ከፀሐይ ጨፈን አድርጓል፣ ዛፉ ያዘው። ጨረስክ? ይለኛል። አልጨረስኩም፣ አንድ ረድፍ ይቀረኛል። ኧረ በናትህ፣ ይሰረዛል ከተባለ ምን ቀረ? ሌላ ዛፍ ነው፣ እለዋለሁ፣ የወደቀው። እሱን ደግሞ ምን ልታደርገው፣ የሞተውን? ይህ የእኔ እጅ ይጨብጣል፣ እስክሪብቶ ይይዛል፣ የእሳቸው አይዝም፣ ሰባት ቁጥር ብዬ እጽፋለሁ፣ አራተኛ ጎን ብዬ እጽፋለሁ፣ አልመታሁትም፣ ቦታውን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ ስሜን እጽፋለሁ፣ ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ።