ከጨርቁ ጀርባ ያለው እጅ

«እስቲ ለአንድ አፍታ ልቀቂው» አለ ፎቶ አንሺው፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

ታናሽ እህቱ ከሰማያዊው ጨርቅ ጀርባ ተንበርክካለች። የሚታየው በጨርቁ ቀዳዳ ሾልኮ የልጇን ወገብ የደገፈው እጇ ብቻ ነው። የፎቶ ቤቱ የቆየ ዘዴ ነው፤ እናት ከጀርባ ትይዛለች፣ እሱ ያነሳል፣ ኋላ በኮምፒውተር እጁን ያጠፋዋል። ሕፃኑ ብቻውን ጉብ ብሎ ይወጣል።

ለቀቀችው። ልጁ ወደ ጎን ተንሸራቶ ትራሱ ላይ ዘፍ አለ። አላለቀሰም፤ ለመደገፍም እጁን አልዘረጋም። ሁሉን በዝምታ ስለሚመለከት ቤተሰቡ «ዳኛው» ይለዋል። ዛሬ ዓመት ሞላው።

ፎቶ አንሺው ቆሞ መቆየት አቃተው። መብራቱን አጠፋ፣ መልሶ አበራ፤ ንጹሑን ሌንስ እንደገና ጠረገ። የስንቱን ልጅ ልደት አንስቷል! የዓመት ልጅ ማለት ለእሱ ጣጣ ነው፤ ከወንበር ይወርዳል፣ ሽቦ ይጎትታል፣ ላብ በላብ ያደርገዋል። ይሄኛው ግን አንድም ቀን አላስቸገረውም። እስከ ዛሬ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሮለት ነበር።

«እህቴ፣ ብቻውን ተቀምጦ ያውቃል?»

«ሰነፍ ሆኖ ነው እንጂ ይቀመጣል። አባቱም በእግሩ የሄደው በሁለት ዓመቱ ነው አሉ። አማቴ እንኳ ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ትላለች።»

«እንቁላሉም እኮ ታቅፈውት ነው የሚሄደው።»

«አንተ ደግሞ! ነርሷም እንዳንተ ነዝንዛኝ ነበር። በዘጠኝ ወሩ ላስከትበው ስወስደው ‹ይቀመጣል ወይ?› አለችኝ። በሰባት ወሩ ያነሳኸውን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት። ‹ጎሽ የኔ ጎበዝ› አለችና የክትባት ካርዱ ላይ ‹ይቀመጣል› ብላ ጻፈችለት።»

ፎቶ አንሺው ክው አለ። ያ ፎቶ ደንበኛ እንዲስብ ብሎ በደጁ መስታወት የሰቀለው ነው። ዳኛው እንደ ሹመኛ ቀጥ ብሎ ተቀምጦበታል። የደገፈውን እጅ ያጠፋው እሱ ራሱ ነው፤ በሥራውም ኮርቶ ነበር።

«ያኔም ይዘሽው ነበር እኮ።»

«ለፎቶ ነዋ! ሁሉም ይይዝ የለ?»

«ሌሎቹ የሚይዙት እንዳይሮጥባቸው ነው። አንቺ የያዝሽው እንዳይወድቅ ነው።»

«አታሟርትብኝ!» ልጁን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ወዲያው ግን ድምጿ ወረደ። «የጎረቤቴ ልጅ በሦስት ወር ያንሰዋል። እየዳኸ ቤቴ ይገባል። እንዳላየው ብዬ በሬን መዝጋት ጀምሬያለሁ።»

ያቺ አፈ ጮሌ እህቱ ፈርታ ሲያያት ወንበር ሳበላት።

«ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው» አለች ዓይኗን ጠርጋ። «ነርሷ ከጠየቀችኝ እንዳሳያት ፎቶውን አሁኑኑ ስጠኝና ልሂድ። እጄን አጥፋው።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቅድም ያነሳውን ምስል አሰፋው። አምስቱ ጣቶች የልጁን ሸሚዝ ጨምድደው ይዘዋል፤ ከጭብጡ ጥንካሬ የተነሳ ጥፍሮቹ ነጥተዋል። ማጥፋት ጀመረ። አንድ ጣት ጠፋ። ቆመ፤ ጣቱን መለሰውና እንዳለ አተመው።

«ይህንን ለነርሷ አሳዪያት» አለ። «የፊተኛው ውሸት ነበር በያት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እህቱ ፎቶውን አየችው። ጠረጴዛው ላይ ጥላው ልጇን እንዳቀፈች ወጣች።

እሱም እስከ ደጁ ተከትሎ ወጣ። መስታወቱን ከፍቶ የሰባት ወሩን ፎቶ ማውረድ ጀመረ። ሚስማሩ እምቢ ብሎ እየታገለው ሳለ ከኋላው ድምጿን ሰማ።

«የዚያኛውስ ዋናው አለህ? ሳታጠፋው በፊት የነበረው?»

«አለኝ።»

ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«እሱንም አትምልኝ» አለች። «ሁለቱንም ከነእጄ እወስዳቸዋለሁ።»