የሼህ ሙሄ ዱዓ በኮምፒውተር

እና ጥፋቱ የራሷ ነዋ፣ የኮምፒውተሩ ገጽ ገና ከመከፈቱ የጻፈችው ስክሪፕት፣ ያ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ መጣራት ጀመረ፣ ገጹ ውስጥ የተቀመጠው አፕሌት፣ ድምፅ የሚያጫውተው ትንሹ ፕሮግራም፣ ደግሞ ገና እየተጫነ ነበር፣ ያልነቃ ሰው ሲጠራ መች አቤት ይላል፣ ሞኝ፣ ዓፊያ ራሷን ትሰድባለች፣ ደግሞ ሳቋ ይመጣል። አሁን ስክሪፕቱ መጀመሪያ አፕሌቱን ነቅተሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እስኪነቃ ገጹ ላይ ያለችው የማጫወቻ ቁልፍ አትሠራም። በቃ።

አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው ላይ ነጩ ሻሽ፣ ጉሮሯቸው ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ድምፅ የሚባል የለም፣ የከሚሴ ሰው ልጁን ሲድር ሼህ ሙሄ ዱዓ ያድርጉልን ይል ነበር፣ አሁን ሰላም ብሎ ያልፋል፣ ክፋት አይደለም፣ ምን ይበል። ግን የታናሿ የነኢማ ኒካህ ጁምዓ ነው። የገዛ ልጃቸውን ሳይመርቁ ሊሸኟት? ወላሂ አይሆንም።

ድምፃቸው በጎረቤታቸው በቃሲም ሰርግ ጊዜ በካሴት ተቀድቶ ነበር፣ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው፣ አጸዳችው፣ የሰዉን ጫጫታ ሁሉ ቆርጣ ጣለች። አፕሌቱን የሠራው ኮሌጅ አብሯት የተማረው ሪድዋን ነው፣ ሠርቶላት ዓረብ አገር ሄደ፣ ውስጡን መነካካት አትችልም፣ ግን አጫውት የምትል ሜተድ፣ አንዲት ትእዛዝ፣ ለውጭ ክፍት አድርጎላታል፣ ከገጹ ሆና የድምፁን ስም ሰጥታ ትጠራታለች፣ ታጫውታለች፣ አላህ ይስጠው።

ይጫኑት አባ። ነቅቷል።

ያ ረቢ። የአባ ድምፅ። ያ ወፍራሙ፣ እናቷ ሰሊማ ከጓዳ አፏን ይዛ ትወጣለች፣ ዓፊያ እንባዋ ቀደማት፣ ደስ ሲል፣ ግን አባ ግንባራቸው ይቋጠራል፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ አቁሚው ነው፣ አቆመችው፣ ምነው አባ፣ የእርስዎ እኮ ነው፣ ወደ እናቷ ያመለክታሉ፣ ከንፈራቸውን ከፈት፣ ገጠም፣ ከፈት፣ ገጠም፣ ማል ታቴ ሙሄ፣ ምን ሆንክ ትላለች እናቷ፣ ከዚያ ለራሷ ይገባታል። ዓፊያ፣ አሚን የምንልበት የለውም እኮ! ትንፋሽ ሳይወስድ ይሮጣል፣ እንዲህ ያለ ዱዓ ደግሞ የት አገር ነው።

ወይኔ ጉዴ። ጫጫታ ብላ የጣለችው የሰዉን አሚን ነው።

ፊቷ ይግላል፣ እጇ ግን አልቆመም፣ ዱዓውን አሚን በነበረበት በነበረበት ትቆርጠዋለች፣ ለየቁራጩ ስም ትሰጣለች፣ ከእንግዲህ ስክሪፕቱ በራሱ አይነጉድም፣ አባ ሲጫኑ አንዷን ብቻ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም፣ ሰዉ አሚን ብሎ መጨረሱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ኮምፒውተር ምን ያውቃል።

እስቲ አሁን አባ።

ይጫናሉ። ልጆቻችንን ከክፉ ጠብቅልን፣ ይላል ድምፃቸው። አሚን፣ እናቷ። አሚን፣ ሙሽራዋ ነኢማም ከጓዳ ብቅ ብላ ሂና የተቀባ መዳፏን ዘርግታ። ዓፊያ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፣ ሠራ፣ አልሀምዱሊላህ ሠራ፣ ሁለተኛዋስ ትመጣ ይሆን፣ ስሟን በትክክል ጽፋለች? አዎ፣ ጽፋለች፣ ታዲያ አባ ለምን አይጫኑም፣ ቁልፏ ዝግጁ ናት፣ ጣታቸው ማውሱ ላይ ነው፣ ምን ተበላሸ ደግሞ። ቀና ትላለች።

አባ ስክሪኑን አያዩም። እሷን ነው የሚያዩት። ሳይቸኩሉ፣ እየጠበቋት።

አሚን፣ አባዬ። አሚን።

ይጫናሉ።