ጋሽ ድማሚት ምሳ ያስነሡ ዕለት

ጋሽ ድማሚት እናታቸው ያወጣችላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በድንጋይ ካባ ውስጥ ፈንጂ ሲያጠምዱ፣ ገደል ሲንዱ፣ ለመንገድ የሚሆን ጠጠር ሲያስወጡ ስለኖሩ የሥራ ጓደኞቻቸው የለጠፉባቸው ቅጽል ነው። ሥራው ስም ሰጥቷቸው ጆሯቸውን ወሰደ። ቀኙ ጨርሶ አይሰማም፤ ግራው ሲጮኹለት ይሰማል፣ ያውም ደስ ካለው።

ጡረታ ከወጡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ነርሷ ልጃቸው ብቻ ናቸው። ልጅቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያዋ ስትወጣ በረንዳው ላይ ያለው ወንበር ላይ ትታቸው ትሄዳለች፤ አመሻሹ ላይ ስትመለስ እዚያው ታገኛቸዋለች።

«ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ አባዬ?»

«ተቀምጬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደከመኝና ትንሽ አረፍ አልኩ።»

መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ሰውየው እህል መቅመስ ቀንሰዋል፣ ጺማቸውን መላጨት ትተዋል፣ ሰው ሲመጣ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አንድ ቅዳሜ የቆሙ ዓለቶች ወዳሉበት ሸለቆ ለሽርሽር ሊሄዱ ሲመዘገቡ፣ ነርሷ ሳታማክራቸው የሁለት ሰው ስም አስጻፈች።

«ድንጋይ?» አሉ ሲሰሙ። «እኔን ድንጋይ ልታሳዪኝ ነው? ለዓሣ አጥማጅ ውኃ እንደ ማስጎብኘት እኮ ነው!»

«ለእኔ ስትል።»

ለእሷ ሲሉ ሄዱ። አውቶብሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ግን ልጅቱ ባመጣኋቸው ጊዜ እግሬን በሰበረው አለች። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክሹክታው እንደ አዋጅ ነው። ጋሽ ድማሚት ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ደልዳላ የላቦራቶሪ ባለሙያ አዩና ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ በምስጢር መስሏቸው፣ «ይሄ ሰውዬ ለሁለት ወንበር ነው እንዴ የተመዘገበው?» አሉ። አውቶብሱ በሙሉ ሰማ። ሾፌሩ ሳይቀር በሳቅ ፈነዳ። ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ተመኘች።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከረር ብላ ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ዱላ የያዘች አስጎብኚ ተቀበለቻቸው። የተወለደችው ከዓለቶቹ ግርጌ ባለው መንደር ነው፤ ስለ እነሱ ስታወራም ስለ ዘመዶቿ የምታወራ ትመስላለች። «ያ የተጎነበሰው ሽማግሌው ነው። እነዚያ ሁለቱ ጀርባ የተሰጣጡት የተኮራረፉት ናቸው፤ መቼም አይታረቁም። ያኛው ጃንጥላው ነው፣ ምሳችንን ጥላው ሥር እንበላለን።»

ከታች በመቶ የሚቆጠሩ የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። አንዳንዱ ቀጭን፣ አንዳንዱ ወገቡ የሰለለ ራሱ የከበደ፤ ቀዩ ከማር መልኩ፣ ማር መልኩ ከግራጫው እየተደራረበ ተራ በተራ ወርዷል። በመካከላቸው ነፋስ ይመላለሳል። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣ ጋሽ ድማሚት ባሉበት ቆመው ቀሩ። ልጃቸው ደክሟቸው መስሏት ክንዳቸውን ያዘች።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የጠረበው?» አሉ።

«ውኃና ነፋስ ናቸው አባት፤» አለች አስጎብኚዋ ጮክ ብላ። «ፈንጂ የለ፣ መዶሻ የለ። ዘመኑን ብነግርዎትም ቁጥሩ ለእኔም ለእርስዎም አይገባንም።»

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ አንድ ሙሉ ተራራ በሠላሳ አንድ ዓመት ጨረስኩ» አሉ። የሰማቻቸው ልጃቸው ብቻ ነበረች። ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

ጃንጥላው የተባለው ዓለት ግንቡ ወፍራም ነው፤ አናቱ ወደ አንድ ጎን ወጥቶ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል። ሥሩ ቀዝቃዛ፣ መሬቱም በጎብኚ ብዛት የተደለደለ ነው። ሴቶቹ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ዳቦው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ ሩዙ ወጣ፤ የሻይ ፔርሙዝ ተከፈተ። ጋሽ ድማሚት ብቻ አልተቀመጡም። አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ይዞራሉ። ጎንበስ አሉና ከመሬት አንድ ነገር አነሡ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስባሪ። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ።

«አባዬ፣ ተቀመጥ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይቺን እይ» አሉ መዳፋቸውን ዘርግተው። «ቅጠሉ የአምና ነው፣ ስባሪው ግን ከቅጠሉ በላይ ነው ያለው። የወደቀው በቅርብ ነው ማለት ነው።» ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። በጣሪያውና በግንቡ መጋጠሚያ ላይ አንድ ስንጥቅ ይታያል። «ያረጀ ስንጥቅ ውስጡ ይጠቁራል፣ ሽበት ያወጣል። የዚህ ውስጡ ገና እንደተቆረሰ ዳቦ ነው።»

ከመሬት ጭብጥ የሚሞላ ድንጋይ አንሥተው ግንቡን መቱት። ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግመው መቱት። ከዚያ ፊታቸው ላይ ልጃቸው አይታው የማታውቀው ነገር መጣ፤ የተማጽኖ ፊት።

«አይሰማኝም» አሉ። «አንቺ ስሚልኝ። መጀመሪያ እዚህ ታች ነው የምመታው።»

ድንጋዩ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«እንደ ብረት ይጮኻል» አለች።

«እሱ ጤነኛ ነው። አሁን እዚህ።» ተንጠራርተው ከስንጥቁ አጠገብ መቱ።

ነርሷ በሥራዋ የሰው ደረት ስታንኳኳና ስታዳምጥ ኖራለች። ድምፁን ስትሰማ ወዲያው ለየችው። «ባዶ ነው፤» አለች። «እንደ ባዶ ጀሪካን።»

«በይ ሰዉን አስነሺ።»

ዞር ስትል ሃያ ሁለት ሰው እንቁላል ይልጣል። ነገሩን ለአስጎብኚዋ ነገረቻት። አስጎብኚዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀጥላ ከፋት። «እህቴ፣ አያቴም እናቴም እኔም እዚህ ሥር አድገናል። እንዲህ ብላችሁ ወሬ ብትነዙ ማን ይመጣልናል?» የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «አባት፣ እዚህ ደግሞ ፈንጂ የለም፣ አይስጉ!» አለና ሰዉን አሳቀ። ጋሽ ድማሚት አልሰሙትም፤ ሳቁን ግን አዩት። ትከሻቸው ሟሸሸ።

ልጃቸው ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። ጠዋት በአባቷ ድምፅ ያፈረችው ሴት አሁን በራሷ ድምፅ ሸለቆውን አስተጋባችው።

«አባቴ በድንጋይ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያሠራ አንድ ሰው እንኳ አልሞተበትም! የእኛን የጤና ምክር ሰው ሳይሰማ ሲቀር ምን ይሰማናል? ተነሡ! ከተሳሳተ በእኔ ስቃችሁ ትገባላችሁ!»

መጀመሪያ የተነሣው ደልዳላው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። «እኔስ የሁለት ሰው ቦታ ነው የምይዘው፣ ቢወድቅብኝም ኪሳራው የሁለት ሰው ነው» አለና ምንጣፉን ጠቀለለ። በሳቅ በሳቅ ሌላውም ተከተለ።

ፀሐይ ላይ ወጥተው፣ ራሳቸውን በፎጣ ሸፍነው በሉ። ሩዙ ደረቀ፣ ሰዉን አላበው። ጃንጥላው ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፤ ምንም። ሲመለሱ ኃላፊው በየመንገዱ ድልድይ ባዩ ቁጥር፣ «ጋሽ ድማሚት፣ ይህስ ያሳልፈናል?» እያለ አሳቃቸው። ሰውየው ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። ቤት ሲገቡ፣ «አዋረድኩሽ አይደል?» አሏት።

«አላዋረድከኝም።»

«ድንጋይ ቀጠሮ አይሰጥም እኮ። ዛሬ ይሁን የዛሬ ዓመት፣ እሱን ማንም አያውቅም።»

«እኔ አምኜሃለሁ አባዬ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ነርሷ ለአንድ ሕፃን ክትባት ሰጥታ እጇን ስትታጠብ ስልኳ ጮኸ። አስጎብኚዋ ናት። «ሌሊቱን ዘነበ» አለች። «ጠዋት ላይ ጣሪያው በሙሉ ወረደ። ምንጣፋችሁን ያነጠፋችሁበት ቦታ ላይ አሁን የመኪና ቁመት ያለው ድንጋይ ተኝቷል።»

«ሰውስ?»

«ሰው አልነበረም። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ አባትሽ የለቀሙት ስባሪ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። በማግሥቱ ገመድ ወጠርኩበት። ጓደኞቼ አበደች ብለው ሲሳለቁብኝ ነው የሰነበቱት። ዛሬ ጠዋት አርባ ተማሪዎች ምሳቸውን ይዘው መጥተው ከገመዱ ወዲህ ነበሩ።» ቀጥላም፣ «አባትሽን ስጪኝ እባክሽ። የቀሩትንም ያዩልን። እኛንም ያስተምሩን።»

ነርሷ የነጭ ጋውኗን ቁልፍ ሳትፈታ ወደ ቤት ሮጠች። በረንዳው ላይ ደርሳ ወሬውን በግራ ጆሯቸው ጮኸችላቸው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ጋሽ ድማሚት ወሬውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ስትከተላቸው መስታወት ፊት ቆመው ጺማቸውን ሳሙና እየቀቡ ነበር።

አባትና ልጅ ወደ ሸለቆው ተመለሱ። አስጎብኚዎቹ አምስት ናቸው። ጋሽ ድማሚት ለእያንዳንዳቸው ትንሽ መዶሻ ሰጧቸው፤ ከዓለት ዓለት እየዞሩ ያንኳኳሉ፣ ሰውየው፣ «ምን ይላል?» ይላሉ፣ እነሱ ይመልሳሉ። የሚያጠራጥረውን በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት፣ መንገዱን ከሥሩ አራቁት። ልጃቸው የዓመት ዕረፍቷን ወስዳ መጀመሪያ ላይ አስተርጓሚ ሆናላቸው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን አስጎብኚዎቹ ራሳቸው በግራ በኩል ቆሞ መጮኽ ለመዱና ሥራ ፈታች። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ብቻዋን ተንሸራሸረች፤ የተኮራረፉትን ዓለቶች ዞራ አየች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ምንጭ ውስጥ ነከረች።

በአምስተኛው ቀን ከሁሉም ረዥሙና ቀጭኑ ዓምድ ሥር ደረሱ። አናቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በአንድ እግሩ የቆመ ስለሚመስል ሁሉም ፈርተውት፣ ገመድ ዙሪያውን ወጥረውበት ነበር። ጋሽ ድማሚት ከፍ ብለው ስንጥቅ ፈለጉ፣ ዝቅ ብለው ስባሪ ፈለጉ። አምስቱም ተራ በተራ አንኳኩ።

«ምን ይላል?»

«ይጮኻል» አለች አስጎብኚዋ። «እንደ ደወል።»

ሰውየው መዳፋቸውን ዓለቱ ላይ ጣል አድርገው፣ የደከመ በሬ እንደሚያሻሽ ገበሬ ደባበሱት።

«ይቺ ለእኛ ቀርቶ ለልጅ ልጆቻችንም ትቆማለች» አሉ። «ገመዱን ፍቱት፣ ሰው ይለፍ።»

ከአፋፉ ላይ ሲጠባበቁ የነበሩ ጎብኚዎች ተንጋግተው ወረዱ። ጋሽ ድማሚት ልጃቸውን በእጃቸው ጠርተው ከፊት ቀደሙና በዓለቱ ሥር አለፉ።